በባሕር ዳርቻና ጥልቀት በሌለው ውኃ የጠፋ ወርቅ ፍለጋ፦ የብረታ ብረት ፈላጊ መሣሪያ አስተካከል በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን

በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ኑሯቸውን ያደረጉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቁጠባቸውን የሚያኖሩት በባንክ ብቻ አይደለም፤ በጣትና በአንገት በሚዋል ወርቅም ጭምር ነው። በዱባይ የወርቅ ገበያ በ18፣ በ21 እና በ22 ካራት የሚሸጠው ቀለበትና ሐብል ለጌጥ፣ ለጥሎሽ፣ ለክፉ ቀን መጠባበቂያም ያገለግላል። ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት የተቀባ ጣት ይንሸራተታል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የገባ ጣት ደግሞ ይቀጥናል። በዚህ ምክንያት በእረፍት ቀን ወደ ጁመይራ፣ ወደ አል መምዘር፣ ወደ አል ኻን ወይም ወደ አጅማን ኮርኒሽ የወረደ ሰው የወራት ደመወዙን የሚያክል ቀለበት በአንድ ሞገድ ሊያጣ ይችላል።

እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ሩቅ አይሄድም። አሸዋው ውስጥ ጥቂት ጣት ያህል ጠልቆ ይቀመጣል። በተለምዶ «ሜታል ዲቴክተር»፣ በዐረብኛ «ካሺፍ አል-መዓዲን» የሚባለው መሣሪያ ሊያገኘው ይችላል፤ ነገር ግን መሣሪያው ለጨዋማ አሸዋ በሚስማማ መንገድ ካልተስተካከለ ወይ ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ወይም በወርቁ ላይ ዝም ብሎ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ የመሣሪያውን አሠራር፣ የአካባቢውን የባሕር ዳርቻ ባሕርይ፣ የማስተካከያውን ቅደም ተከተል፣ እንዲሁም የተገኘውን ዕቃ በሚመለከት የአገሪቱ ሕግ የሚያዝዘውን ያብራራል።

የመሣሪያው አሠራር

በመሣሪያው ጫፍ የሚገኘው ክብ ሳህን በውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ የያዘ ሲሆን «ኮይል» ይባላል። በኮይሉ ውስጥ የሚያልፈው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ አሸዋው የሚዘልቅ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ ብረታ ብረት ሲያገኝ በዕቃው ላይ ደቃቅ የኤሌክትሪክ አዙሪት ይቀሰቅሳል፤ አዙሪቱም በተራው የራሱን መግነጢሳዊ ምላሽ ይልካል። መሣሪያው የምላሹን ጥንካሬና ከተላከው መስክ ምን ያህል እንደዘገየ ይለካል። ከዚያም ልዩነቱን በድምፅ ወይም በሰሌዳው ላይ በሚታይ ቁጥር ይገልጻል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1881 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በጥይት በቆሰሉት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ ጥይቱን ለማግኘት ተመሳሳይ መሣሪያ ሞክሮ አልተሳካለትም። ለሕዝብ የሚሸጥ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ መነሻ የሆነውን የፈጠራ መብት ደግሞ ገርሃርድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ አግኝቷል።

ተጠቃሚው ሊያውቀው የሚገባው አንድ የተፈጥሮ ገደብ አለ። ምላሹ ከርቀት ጋር እጅግ በፍጥነት ይደክማል። ከኮይሉ ርቆ የሚገኝ ትንሽ ዕቃ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ምላሹ ወደ 64ኛ ክፍሉ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ተራ ቀለበት በአብዛኛው ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ እንጂ ከዚያ ብዙ ርቆ አይሰማም። ኮይሉን ከአሸዋው አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ የሚያወዛውዝ ሰው ከዚህ ጥልቀት አምስት ሳንቲ ሜትሩን በከንቱ ያባክናል።

ጨው ለምን ያስቸግራል?

ጨዋማ ውኃ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መሣሪያው እርጥብ የባሕር አሸዋን የሚያየው እንደ አንድ ሰፊና ደካማ ብረታ ብረት ነው። የዓለም ውቅያኖሶች በአንድ ኪሎ ግራም ውኃ በአማካይ 35 ግራም ገደማ ጨው ሲይዙ፣ ትነት በሚበዛበት በዓረብ ባሕረ ሰላጤ መጠኑ 40 ግራም ገደማ ይደርሳል። በመሆኑም በሌላ አገር ዳርቻ ተስተካክሎ የመጣ መሣሪያ እዚህ ሲደርስ መረጋጋት ቢያቅተው ሊደንቅ አይገባም።

ዋናው ችግር የጨው ምላሽ ከቀጭን ወርቅ ምላሽ ጋር መቀራረቡ ነው። ቀጭን የሴት ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥና የአልሙኒየም ወረቀት ሁሉም በመለኪያው ዝቅተኛ ክፍል ይገኛሉ፤ ጨውም እዚያው ነው። ጨውን ሙሉ በሙሉ ዝም ለማሰኘት የሚሞክር ሰው ቀጭን ወርቅንም አብሮ ዝም ያሰኛል። የማስተካከሉ ጥበብ በሁለቱ መካከል መጠነኛ ስፍራ ማግኘት ነው።

የአካባቢው አሸዋም የራሱ ባሕርይ አለው። የዱባይ፣ የሻርጃ ከተማና የአጅማን ዳርቻዎች አሸዋ በአብዛኛው ከቀንድ አውጣና ከዛጎል ስብርባሪ የተሠራ፣ ነጣ ያለ፣ የብረት ማዕድን ያነሰበት ነው። ይህ ለፈላጊ መልካም ዜና ነው፤ መሣሪያውን የሚያውከው ጨው ብቻ ይሆናልና። በአንጻሩ የሻርጃ ኤሚሬት አካል በሆኑት በኦማን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በሚገኙት በኾር ፈካንና በከልባ አሸዋው ከሐጀር ተራሮች የታጠበ ጠቆር ያለ የድንጋይ ቅንጣት ይቀላቀልበታል። ማግኔትን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ በአሸዋው ላይ በመጎተት ልዩነቱን ማየት ይቻላል። ጥቁር ቅንጣት በብዛት ከተለጠፈበት መሣሪያውን ከጨውም ከማዕድንም ጋር ማስማማት የግድ ይሆናል።

የመሣሪያው ዐይነቶች

በገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ለዚህ ጉዳይ በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው በአንድ ድግግሞሽ የሚሠራው ነው። ዋጋው ቀላል ሲሆን በደረቅ አሸዋ ጥሩ ያገለግላል። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ለጨው እምብዛም አይረበሽም፤ ለትንሽ ወርቅ ግን ይደክማል። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ያለው ከፍ ያለ ድግግሞሽ ትንሽ ወርቅን ይወድዳል፤ በእርጥብ አሸዋ ግን ይጮኻል። ይህ መሣሪያ ውኃ በሚደርስበት ስፍራ ሁልጊዜ ከሁለት አንዱን ያሳጣል።

ሁለተኛው በአንድ ጊዜ በብዙ ድግግሞሽ የሚሠራው ነው። የተለያዩ ድግግሞሾች ለጨውና ለወርቅ የሚሰጡትን ምላሽ እያነጻጸረ የጨውን ድርሻ ይቀንሳል። በዳርቻና በውኃ ውስጥ ለሚፈልግ፣ ቆሻሻ ብረትንም መለየት ለሚሻ ሰው ተመራጩ ይህ ነው።

ሦስተኛው በምት የሚሠራው ነው። ኤሌክትሪኩን በአጭር ምት ይልክና ካቋረጠ በኋላ የቀረውን ምላሽ ያዳምጣል። የጨው ውኃ ምላሽ በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል፤ የወርቅ ቀለበት ግን ትንሽ ይቆያል። ማዳመጫው ከምቱ በኋላ 10 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ እንዲጀምር ሲደረግ ጨው ከሞላ ጎደል ይሰወራል። መዘግየቱን ማሳጠር ለትንሽ ወርቅ ያለውን ትብነት ይጨምራል፤ ከመጠን በላይ ካጠረ ግን ጨው ተመልሶ ይሰማል። ይህ ዐይነት በጥልቀትና በጥቁር አሸዋ ይበልጣል። ጉድለቱ ምስማርን ከቀለበት በአስተማማኝ ሁኔታ አለመለየቱ ነው፤ ተጠቃሚው የተሰማውን ሁሉ ይቆፍራል።

የማስተካከያው ቅደም ተከተል

ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይገባል፤ አንዱ እርምጃ በሌላው ላይ ይመሠረታልና።

አንደኛ፣ መሣሪያው ወደ መጀመሪያው የፋብሪካ ልኩ ይመለስና «ባሕር ዳርቻ» ወይም «ጨው» የሚለው የሥራ ዘርፍ ይመረጣል። ቀደም ሲል በተራራ ወይም በእርሻ መሬት የተቀመጠ ልክ እዚህ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ከአካባቢው የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሁካታ ይጣራል። በዱባይ ማሪናና በጁመይራ ዳርቻ የሚታዩት ረጃጅም ሕንጻዎች፣ የስልክ ማማዎችና የመብራት መስመሮች ኮይሉ ሳይንቀሳቀስ እንኳን መሣሪያው እንዲጮኽ ያደርጋሉ። ኮይሉን ከመሬት ከፍ አድርጎና ሳያንቀሳቅሱ ይዞ የሁካታ ማጥፊያውን መጫን፣ መሣሪያውም ጸጥ ያለውን መስመር እስኪመርጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። ተንቀሳቃሽ ስልክ በኪስ ሳይሆን በቦርሳ፣ ከኮይሉ ርቆ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ የመሬት ሚዛን ይስተካከላል። ብረታ ብረት የሌለበት ስፍራ ይመረጥና ኮይሉ ከአሸዋው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እስከ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች በዝግታ ይንቀሳቀሳል። ድምፁ ሳይለወጥ ሲቀር ሚዛኑ ደርሷል ማለት ነው። ይህ ሥራ ፍለጋው በሚካሄድበት አሸዋ ላይ መሠራት አለበት፤ በደረቅ አሸዋ የተገኘ ሚዛን በእርጥቡ አያገለግልም። በብዙ መሣሪያዎች የጨው ሚዛን በመለኪያው ዝቅተኛ ጫፍ ስለሚገኝ ቁጥሩ ወደ ታች ቢወርድ ብልሽት አይደለም።

አራተኛ፣ የትብነት መጠን ይወሰናል። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፍተኛ ትብነት ሁልጊዜ ጥልቀት አይሰጥም፤ በጨው ላይ የሚሰጠው ሁካታ ነው። ትክክለኛው መንገድ ከመካከለኛ ልክ ተነሥቶ ኮይሉን እያወዛወዙ ከፍ ማድረግ፣ ያለ ምክንያት መጮኽ ሲጀምርም አንድ ወይም ሁለት እርከን መቀነስ ነው። የተረጋጋ ዝቅተኛ ልክ ከሚጮኽ ከፍተኛ ልክ የበለጠ ወርቅ ያስገኛል፤ ደካማ ምልክት በሁካታ መካከል አይሰማምና።

አምስተኛ፣ የመለየት ማስተካከያው በተቻለ መጠን ዝቅ ይደረጋል። በመጨረሻም የድምፅ መጠኑ የሞገዱን ጩኸት በሚያሸንፍ ልክ ይቀመጣል።

በሦስቱ ቀጣናዎች

ዳርቻ ለመሣሪያው አንድ ቦታ አይደለም፤ ሦስት ቦታ ነው።

በደረቁ አሸዋ የጨው ውጤት አነስተኛ ስለሆነ ትብነቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል። እዚህ የሚያስቸግረው ቆሻሻ ነው፦ ቆርኪ፣ የጣሳ መክፈቻ ቀለበት፣ የአልሙኒየም ወረቀት። በተቀራረበ ቆሻሻ መካከል የመሣሪያውን የምላሽ ፍጥነት መጨመርና አነስ ያለ ኮይል መጠቀም ይጠቅማል።

ሞገድ እየመጣ የሚመለስበት እርጥብ አሸዋ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። የውኃው መጠን በየሰከንዱ ስለሚለዋወጥ አንድ ቋሚ ሚዛን አይበቃም። ትብነቱ ይቀነሳል፤ ሚዛኑ እንደገና ይሠራል፤ ኮይሉም ከአሸዋው ጋር ትይዩ ሆኖ በአንድ ከፍታ በዝግታ ይወዛወዛል። በመወዛወዙ መጨረሻ ኮይሉን ቀና የሚያደርግ ሰው የሐሰት ድምፅ ይሰማል። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ መሄድ ይመረጣል፤ አሸዋው በአንድ መስመር ላይ ተመሳሳይ እርጥበት አለውና።

ከጉልበት እስከ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ግን ኮይሉ ከነሙሉው በጨው ስለሚከበብ ሁኔታው ከመጀመሪያው ይልቅ ይረጋጋል። ኮይሉ ከተጠለቀ በኋላ፣ ከውኃው ሥር ባለው አሸዋ ላይ ሆኖ ሚዛኑን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። ወደ ውኃ ከመግባት በፊት ሁለት ነገር ይረጋገጥ። ኮይሉ ብቻ ውኃ የሚችልባቸው መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፤ የመቆጣጠሪያ ሣጥኑም የሚችል መሆኑ በመመሪያው ላይ ይነበብ። ገመድ አልባ ማዳመጫም ሣጥኑ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይቋረጣል፤ የራዲዮ ሞገድ በጨው ውኃ አያልፍምና። ለዚህ ሥራ ባለ ገመድና ውኃ የማያስገባ ማዳመጫ ይመረጣል።

ወርቅን ከቆሻሻ መለየት

ወርቅ የራሱ የተለየ ቁጥር የለውም። ምላሹ የሚወሰነው በካራቱ፣ በክብደቱና በቅርጹ ነው። ቀጭን ቀለበት ከአልሙኒየም ወረቀት ጋር፣ መካከለኛው ከጣሳ መክፈቻ ጋር ይመሳሰላል። የጣሳ መክፈቻን ላለመቆፈር ሲል ያን ክፍል የዘጋ ሰው ብዙ የጋብቻ ቀለበቶችን ዘግቷል። የተቆረጠ ወይም የተከፈተ ቀለበት ከድፍኑ ይልቅ ደካማ ምላሽ ይሰጣል። ሐብል ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ አዙሪቱ በእያንዳንዷ ትንሽ ቀለበት ውስጥ ተወስኖ ስለሚቀር ከባድ የሆነ የአንገት ሐብል እንኳን እንደ ደቃቅ ዕቃ ይሰማል። ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ማያያዣው ወይም መስቀሉ ነው።

ስለዚህ የሚመከረው የብረት ስብርባሪን ብቻ ማስቀረት፣ ሌላውን ሁሉ መቆፈር ነው። የእንጨት ጀልባ በመሥራት ትታወቅ በነበረችው በአጅማንና በአሮጌ ወደቦች አቅራቢያ ምስማር ሊበዛ ስለሚችል ይህ መጠነኛ ማጣሪያ ድካምን ይቀንሳል።

ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀላል ፈተና ብዙ ያስተምራል። ከጠፋው ጋር የሚመሳሰል ቀለበት በጠንካራ ክር ታስሮ፣ የክሩ ጫፍ ከእንጨት ችካል ጋር ተያይዞ በ10፣ ከዚያም በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በእርጥብ አሸዋ ይቀበራል። መሣሪያው የሚሰጠው ድምፅና ቁጥር ይመዘገባል። ቀለበቱ የማይሰማ ከሆነ ማስተካከያው ትክክል አይደለም፤ ፍለጋውም ከንቱ ነው።

የት መፈለግ ይገባል?

ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ዕቃው የጠፋበትን ሰዓት፣ የውኃውን ከፍታና በአቅራቢያው የነበረውን ምልክት ነው፦ የነፍስ አድን ማማ፣ የመታጠቢያ ቤት፣ የዘንባባ ዛፍ። ሰዓቱ ከባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ጋር ሲመሳከር ያኔ ወገብ ድረስ የነበረው ቦታ አሁን ደረቅ ሊሆን ይችላል። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ በሚሆንበት ሰሞን ውኃው ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ስለሚሸሽ ለፍለጋ የተሻለ ነው።

ንጹሕ ወርቅ ከውኃ 19 ጊዜ ገደማ፣ አሸዋን የሚሠሩት ቅንጣቶች ግን ከውኃ ወደ ሦስት ጊዜ የሚጠጋ ይከብዳሉ። ስለዚህ ቀለበት ጠንካራ ንጣፍ እስኪያገኝ ድረስ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። የመንጠቆ እርሳስና ሳንቲም በአንድ መስመር ከተገኙ ከባድ ዕቃ የሚያርፍበት ንጣፍ እዚያ አለ። «ሸማል» የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲበረታ የላይኛውን አሸዋ ገፎ የቆየ ዕቃ ሊያወጣ ይችላል፤ በሌላ ስፍራ ደግሞ ያለብሰዋል። ስለዚህ ለጠፋ ቀለበት የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅግ ውድ ናቸው። ፍለጋው በትይዩ መስመሮች ይካሄድ፤ እያንዳንዱ ውዝዋዜ የቀደመውን በግማሽ ይደርብ። የተቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ ይደፈን፤ ሕፃን ወይም አዛውንት እግሩ ሊሰበርበት ይችላልና።

ሕጉ የሚያዝዘው

በዐረብኛ ወድቆ የተገኘ ዕቃ «ሉቀጣ» ይባላል። በእስልምና የሕግ ትምህርት አንሺው ባለቤቱን እያፈላለገ አንድ ዓመት ማሳወቅ እንዳለበት ከጥንት ጀምሮ ተደንግጓል። የዘመኑ ሕግም ያነሣው ዕቃ የአንሺው ነው አይልም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የፌዴራል የወንጀልና የቅጣት ሕግ የጠፋ ንብረት አግኝቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ለባለቤቱ ወይም ለፖሊስ ያልመለሰ፣ የራሱ ለማድረግ የያዘን ሰው እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም ከ20,000 ድርሃም በማያንስ መቀጮ ይቀጣል። በዱባይ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ቁጥር 17 ሕግ ደግሞ አግኚው ዕቃውን በ24 ሰዓት ውስጥ በዱባይ ፖሊስ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እንዲያስመዘግብና በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያስረክብ ያዝዛል፤ መጠቀምንም ይከለክላል። ሕጉ ለታማኝ አግኚ የምስጋና ወረቀትና ከዕቃው ዋጋ 10 በመቶ፣ ቢበዛ እስከ 50,000 ድርሃም የሚደርስ ሽልማት የሚሰጥበትን መንገድ ከፍቷል። አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ የዱባይ ፖሊስ የስልክ ቁጥር 901 ነው። በፖሊስ ጣቢያ «መፍቁዳት» የሚለው ቃል የጠፉ ዕቃዎችን ያመለክታል፤ ዕቃው የጠፋበትም ያገኘም የሚጠይቀው ይህን ክፍል ነው።

ወርቁ የጠፋበት ሰው የግዢውን ደረሰኝ፣ ክብደቱንና ካራቱን፣ ከተቻለም ቀለበቱን አድርጎ የተነሣውን ፎቶግራፍ ቢያቀርብ ባለቤትነቱን ለማስረዳት ይረዳዋል። ደረሰኝን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ወርቅ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ሊለመድ የሚገባ ጥንቃቄ ነው።

የጥንት ቅርስ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ቁጥር 11 የፌዴራል የቅርስ ሕግ ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርን ይከለክላል። በዱባይ ጁመይራ ሠፈር ውስጥ የዐባሲዶች ዘመን መንደር ፍርስራሽ ይገኛል፤ በሻርጃም ምለይሓ አለ። በእንዲህ ያሉ ስፍራዎች መሣሪያ ይዞ መግባት አይገባም። የቆየ ሳንቲም ወይም የሸክላ ስብርባሪ በአጋጣሚ የታየ እንደሆነ ከቦታው ሳይነቀል ለባለሥልጣናት ይነገር። መሣሪያውን ከውጭ የሚያስመጣ ሰው አስቀድሞ ጉምሩክን፣ በዳርቻ ላይ ሊጠቀምበት የሚያስብም የየኤሚሬቱን ማዘጋጃ ቤትና ፖሊስ ፈቃድ ይጠይቅ። የሆቴልና የግል ዳርቻዎች የባለቤቱን ፈቃድ ጭምር ይሻሉ።

ጥንቃቄና ጥገና

በበጋ ወራት ፍለጋው ማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ውኃ ውስጥ የሚሄድ ሰው ጫማ ያድርግ፤ እግሩንም ሳያነሣ እየጎተተ ይራመድ፤ በአሸዋ የተሸፈነ ጅራታም ዓሣ እንዲህ ሲሆን ቀድሞ ይሸሻል። ቀይ ባንዲራ በተሰቀለበት ዕለት ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ዋና የማይችል ሰውም ብቻውን ከጉልበት አልፎ አይሂድ።

ከሥራ በኋላ ኮይሉ፣ ዘንጉና ማያያዣዎቹ በንጹሕ ውኃ ይታጠቡ። የኮይሉ ሽፋን ተነሥቶ በመካከል የገባው አሸዋ ካልጸዳ በሚቀጥለው ጊዜ የሐሰት ድምፅ ይሰጣል። የባትሪው መክፈቻ ከመድረቁ በፊት አይከፈት፤ አንዲት የጨው ጠብታ ውስጡን ለማበላሸት ትበቃለች።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንዲሉ፣ በአሸዋ ውስጥ የተገኘ ቀለበት ሁሉ ባለቤት አለው። የዚህ መሣሪያ ተገቢ አገልግሎት ባለቤቱን ከንብረቱ ጋር ማገናኘት ነው። ያገኘውን በጊዜው ያስመዘገበ ፈላጊም በሕግ ፊት ስጋት አይኖርበትም።